«ጨጓራዬ ነው ዶክተር»፦ ጣና ዳር ስለ ሆድ ሕመም የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ሆዱን የታመመ ሰው የበሽታውን ስም ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ጨጓራዬ ነው ዶክተር፤ መድኃኒቱን ብቻ ይጻፉልኝ።» አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ጨጓራ የስንቱን በሽታ ስም ይሸከማል?

«በርበሬ ነው ጨጓራዬን የላጠው።» በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ አያቆስልም። አብዛኛው ቁስለት የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያ፣ ወይም ለወገብና ለጉልበት ከሚዋጡት እንደ ዳይክሎፌናክ ካሉ ማስታገሻዎች ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን የሚያምነው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ስለዚህ ወጡን አልጫ ማድረግ ብቻውን አያድንም። ወተትም ለጊዜው ያበርዳል፤ ኋላ አሲዱን ይጨምራል።

«መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ደሜ ግን አሁንም ፖዘቲቭ ነው።» የደም ምርመራው የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ያ ደግሞ ከዳኑም በኋላ ይቆያል። መዳንን ለማወቅ አንቲባዮቲኩ ካለቀ 4 ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ 2 ሳምንት ቆይቶ ሰገራ ይመርመር።

«ቢልሃርዚያ የሐይቁን ውሃ የጠጣ ነው የሚይዘው፤ እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው።» በጣና ዳርቻ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። በሽታው የሚገባው በቆዳ ነው። ከሰገራ ጋር ውሃ የገባ የቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኝ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ መረብ የሚስብ ዓሣ አጥማጅ ቆዳ ውስጥ በደቂቃዎች ይዘልቃል። ትሉ በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይኖራል፤ ዕንቁላሉ እየተወሰደ ጉበት ላይ ጠባሳ ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ደም በጉበት ማለፍ ሲያቅተው ጣፊያ ያብጣል፤ የምግብ ቱቦው ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ አንድ ቀን ይፈነዳሉ። ጎልማሳው ዓሣ አጥማጅ ደም ሲያስታውክ ጎረቤቱ «ጨጓራው ደማ» ይላል። እዚህ ላይ የጨጓራ ክኒን ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚወርድ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ገብቶ የተወጠረውን ሥር በላስቲክ ቀለበት ማሰር ያስፈልጋል። የቢልሃርዚያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ክትባት ግን አይደለም፤ ሐይቁ ውስጥ ተመልሶ የገባ ተመልሶ ሊያዝ ይችላል።

«ዓይኑ ቢጫ የሆነው የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው።» «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ነው ያሳተን። ቢጫነቱ የጉበት ወይም የሐሞት ቱቦ ችግር ምልክት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ክትባትም አለው። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ቀቅሎ መጠጣት ለታመመ ጉበት ሌላ ሸክም ነው።

«ኢንዶስኮፒ ያንቃል።» ቱቦው የሚወርደው በምግብ መንገድ ነው፤ ትንፋሽ አይዘጋም። ማቅለሽለሹን አልክድም፤ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።