«ፕሩኒንግ» ምንድን ነው? የአእምሮ ሽልሻሎ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ማስታወቂያ አየሁ። «ከ3 ዓመት በኋላ የልጅዎ አእምሮ ይገረዛል፤ ሳይረፍድ ያስመዝግቡ» ይላል። ሳምንት ሳይሞላው አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ሴሎቹ ሞተው አለቁ እንዴ?» አለችኝ። አብሽሪ እህቴ፣ አላለቁም። ያለቀው የእኔ ትዕግስት ነው።

ማስታወቂያው «ይገረዛል» ያለው በእንግሊዝኛ ፕሩኒንግ የሚባለውን ነው። በፕሩኒንግ የሚነሳው ሲናፕሱ ነው፤ ነርቭ ሴል ከነርቭ ሴል የሚገናኝበት መጋጠሚያ ማለት ነው። ሴሉ ቦታው ላይ አለ። በእድገት ወቅት ሴሎች የሚሞቱበት ጊዜም አለ፣ ግን አብዛኛው ልጁ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ የሚያልፍ ነገር ነው።

«መግረዝ» የሚለው ትርጉምም ጣጣ አለው። ሰው ሲሰማው አንድ ቀን፣ አንድ ምላጭ፣ በቃ ይመስለዋል። እኔ ብጠየቅ ሽልሻሎ እለዋለሁ።

አጎቴ ሐርቡ አካባቢ ማሽላ ያርሳል። ሲዘራ አብዝቶ ይበትናል። ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ በሬውን ጠምዶ በመሃሉ ያርሰዋል፤ ሽልሻሎ ማለት ይህ ነው። ለማያውቅ ሰው እብደት ነው። የተነቀለው ለከብት ይሆናል፤ የቀረው አገዳው ይወፍራል፣ ዛላው ይሞላል። ሳይሸለሸል የቀረ ማሳ ግን ቅጠል ብቻ ነው።

አእምሮም አብዝቶ ነው የሚዘራው። የሕፃናት ነርቭ ሐኪሙ ፒተር ኸተንሎከር በፈረንጆቹ 1979 ባወጣው ቆጠራ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባሉ ሕፃናት የፊተኛው አእምሮ ክፍል የሲናፕስ ጥግግት ከአዋቂው በ50 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የቆጠረው ከሞቱ ሰዎች አእምሮ ነው፣ ናሙናውም ጥቂት ነው። ደግሞ ጥግግትና ብዛት አንድ አይደሉም፤ አእምሮ ሲሰፋ ያው ብዛት ይሳሳል። ይህን ሳልል ባልፍ ባልደረቦቼ አይለቁኝም። ከብቶቹም አሉ፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ፣ የሚነሳውን ሲናፕስ ይበላሉ። ይህ ግን በዋናነት አይጥ ላይ የታየ ነው።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። አእምሮ ውስጥ ይሄ ይቅር፣ ያ ይነቀል የሚል ገበሬ የለም። በብዛት የሚመርጠው ሥራው ራሱ ነው፤ የሚሠራው መስመር ይቀራል፣ ያልሠራው ይነሳል። ሂዩብልና ዊዝል የሚባሉ የአእምሮ ተመራማሪዎች የድመት ግልገል አንድ ዓይን ሰፍተው ዘጉ። ከወራት በኋላ ሲከፍቱት ዓይኑ ደህና ነው፣ ግን በእሱ አታይም። ቦታውን የሌላኛው ዓይን መስመሮች ወስደውታል። በ1981 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቶሎ ይታከም የምንለውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ «ይረፍዳል» ብትሉኝ አልከራከርም።

«ታዲያ 3 ዓመቱ ከየት መጣ?» ለሚለኝ ወንድሜ፦ እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር። ወሎ ሁሉ በአንድ ቀን አይሸለሽልም። የሐርቡ ማሽላ ጉልበት ሲደርስ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ማሳ ገና ቁርጭምጭሚት ነው። የአእምሮ ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። የእይታው ክፍል ሲናፕስ ጫፍ የሚደርሰው በ8 ወር አካባቢ ነው። ለማቀድና ራስን ለመግታት የሚያገለግለው የፊቱ ክፍል ግን ጉርምስናን አልፎ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ይሸለሸላል። 3 ዓመት ላይ የሚዘጋ በር የለም። ዘሩም አይቆምም፤ ሰው አዲስ ነገር በተማረ ቁጥር መጋጠሚያዎቹ ይለወጣሉ፣ አዳዲስም ይበቅላሉ። አጎቴ በ60 ዓመቱ ቴሌብር ለምዷል። የምስጢር ቁጥሩን ይረሳል እንጂ።

ያቺን እናት እንዲህ እያልኩ ሳስረዳት ልጁ ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶዎቼን ደርድሮ ይቆጥር ነበር። ከ6 ቀጥሎ 9 ይላል። እናቱ ልታርመው ስትል በእጁ ምልክት ዝም አሰኛትና እንደገና ከ1 ጀመረ።