ተጠቃሚን ያማከለ የድምፅና ምስል ዲዛይን ምንድን ነው?

በአንድ የስብሰባ ክፍል ያለው ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር፣ ስፒከሩ፣ ማይኩ፣ ካሜራው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ኬብልና ሁሉም የሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ ባንድነት የድምፅና ምስል ሥርዓት ይባላል። ዲዛይኑ ተጠቃሚን ያማከለ የሚሆነው ክፍሉን በየቀኑ የሚጠቀመው ሰው ቴክኒሻን ሳይጠራ እንዲሠራበት ታስቦ ሲሠራ ነው። ይህ ሰው ስብሰባው ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ላፕቶፑን ታቅፎ የሚገባ የፋይናንስ ኃላፊ ወይም መምህር ነው። የዕቃው ሞዴል አያሳስበውም፤ ስላይዱ ይታይለት፣ ድምፁ ይሰማለት እንጂ።

ሥራው የሚጀምረው ክፍሉን በማየት ነው። ሰዎች ሲጠየቁ «ደህና ነው፣ ይሠራል» ይላሉ። ሪሞቱ ላይ ከሁለት ቁልፎች በቀር ሌላው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ «ይህን አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከተገኘ ግን ተጠቃሚው ራሱ ዲዛይኑን ማረም ጀምሯል ማለት ነው። እነዚያ ወረቀቶች ከመነቀላቸው በፊት አንድ በአንድ ይነበቡ፤ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻሉ ናቸው።

የስክሪን መጠን የሚወሰነው በመጨረሻው ወንበር ነው። በሙያው የቆየው ስሌት እንዲህ ይላል፦ ቪዲዮ ለማየት ርቀቱ እስከ ምስሉ ቁመት 8 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስላይድ ለማንበብ እስከ 6 እጥፍ፤ ጥቃቅን ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ ለመመርመር እስከ 4 እጥፍ። የ55 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 68 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ስላይድ የሚነበበው እስከ 4 ሜትር ድረስ ነው። ስድስት ሜትር ላይ የሚቀመጥ ሰው ካለ 85 ኢንች ያስፈልጋል። በጀት ሲያንስ ብዙዎች የሚቀንሱት ይህንኑ ነው፤ መቀነስ የሌለበትም ይኸው ነው። ፊደላችንን ደግሞ አትርሱ፦ «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ነው፤ ለላቲን ፊደል የበቃ መጠን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከላፕቶፑ እስከ ስክሪኑ ባለው መንገድ ላይ ነው። ተራ የኤችዲኤምአይ ኬብል ለፉል ኤችዲ (1920 በ1080 ነጥብ) ምስል የሚታመነው ከ10 እስከ 15 ሜትር፣ የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ለሆነው 4ኬ ደግሞ እስከ 5 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ በካት-6 የኔትወርክ ኬብል ላይ የሚሠራ ማስተላለፊያና መቀበያ ወይም የፋይበር ኤችዲኤምአይ ይገባል። የፋይበሩ ኬብል አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ የላፕቶፕ፣ ሌላው የስክሪን ነው። ተገልብጦ ከተቀበረ አይሠራም፤ ስለዚህ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ይሞከር። ጠረጴዛው ላይ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰካውና የሚነቀለው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሜትር የሆነ፣ ከግድግዳ መሰኪያ ጋር የሚገናኝ አጭር ኬብል ይሁን። መሰባበሩ አይቀርም፤ ሲሰበር እሱ ብቻ ይቀየራል። ዩኤስቢ-ሲ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በዚያ መሰኪያ ምስል ስለማያወጣ ኤችዲኤምአዩ አብሮ ይቆይ፤ አዳፕተሩም በቀጭን ሽቦ ከኬብሉ ጋር ይታሰር፣ አለዚያ ሳምንት አይቆይም።

«ሰካሁት፣ ምስል የለም» የሚለው ቅሬታ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ላፕቶፑ ስክሪኑን እንደ ተጨማሪ ገጽ መቁጠሩ ነው፤ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን ቁልፍ አብሮ ተጭኖ «አባዛ» (Duplicate) የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ሁለተኛው ስውር ነው። ላፕቶፕ ሲሰካ ስክሪኑ የሚችለውን የምስል መጠን ኢዲአይዲ ከሚባል መረጃ ያነባል። መሃል ላይ ሆኖ የትኛው መሣሪያ ስክሪኑ ላይ እንደሚታይ የሚመርጠው ስዊቸር ይህን በትክክል ካላሳለፈ፣ ወይም አንድ 4ኬ እና አንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን አብረው ከተገናኙ፣ ላፕቶፑ አንደኛው የማይችለውን ምስል ይልካል። መፍትሔው ስዊቸሩ ላይ መረጃውን 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ብሎ መቆለፍ ነው። የምስል ጥራቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለስብሰባ ክፍል ግን ሁልጊዜ የሚታይ ፉል ኤችዲ አንዳንዴ ከሚታይ 4ኬ ይሻላል።

መቆጣጠሪያው ላይ የሚጻፈው የሥራው ስም እንጂ የዕቃው ስም አይደለም። «ኤችዲኤምአይ 2» ለጫኚው ነው፤ ለተጠቃሚው «ላፕቶፕ»፣ «የቪዲዮ ስብሰባ»፣ «አጥፋ» እና አንድ የድምፅ ማስተካከያ ይበቁታል። ፕሮጀክተር ለመብራት ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁልፉ ምንም ካላሳየ ሰውየው ደግሞ ይጫናል፣ ትእዛዙም ይገለበጥና ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። «እየበራ ነው» የሚል ጽሑፍ ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀረዋል። የድምፁም ከፍታና ዝቅታ ወሰን ይበጅለት፦ ላይኛው ማይኩ መጮኽ ከሚጀምርበት በታች፣ ታችኛው ደግሞ ጨርሶ ከማይሰማበት በላይ።

ስለ ማይክ ብዙ መጻፍ ይቻላል። ዋናው ነገር ተናጋሪው ማይኩን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደሚይዘው አስቀድሞ መቀበል ነው። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይቀንሳል፤ ከአፍ 5 ሴንቲሜትር የነበረው 20 ሲደርስ 12 ዲሲቤል ጠፍቷል። ያን ለማካካስ የማይኮቹን ድምፅ በሚያቀላቅለው ሚክሰር ላይ ሲጨመር አዳራሹ ይጮኻል። «አስጠግተው ይናገሩ» ማለት ለጊዜው ይሠራል፤ ስፒከሮቹን ከማይኮቹ ፊት ወደ ታዳሚው አዙሮ መስቀል፣ ለተናጋሪው የጆሮ ማይክ መስጠት ግን ዘላቂ ነው። ክፍት ማይኮች በእጥፍ ሲጨምሩም አዳራሹ ሳይጮኽ ሊጨመር ከሚችለው ድምፅ 3 ዲሲቤል ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ የማይናገረውን ማይክ በራሱ የሚቀንስ ሚክሰር ጠረጴዛ ላይ ስምንት ማይክ ላለበት ክፍል ቅንጦት አይደለም። የመብራቱ ቀለምም ያሳስታል፦ በብዙ የጠረጴዛ ማይኮች ቀይ ማለት «ተከፍቷል»፣ በብዙ የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያዎች ደግሞ «ተዘግቷል» ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ አንዱ ይቀየር።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሌላ ጣጣ አለ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ድንገት ሲጠፋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደቂቃዎች ያስጠብቃል፤ የሌዘሩ ግን ወዲያው ይነሳል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለስዊቸሩ፣ ለመቆጣጠሪያውና ለኔትወርኩ ነው፤ ኃይል የሚጠጡት ትንሽ ሲሆን እንደገና ለመነሳት የሚወስዱት ጊዜ ግን ረጅም ነው። አምፕሊፋየር ሁልጊዜ መጨረሻ ይብራ፣ መጀመሪያ ይጥፋ፤ አለዚያ ስፒከሩ ጓ ብሎ ሰው ያስደነግጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ርክክቡ የሚደረገው ክፍሉን አይቶ በማያውቅ ሰው ነው። ላፕቶፕ ይሰጠውና «ስላይድ አሳይ፣ ከዚያ የቪዲዮ ስብሰባ ጀምር» ይባል፤ ጫኚው አጠገቡ ቆሞ ምንም አይናገር። እጁ የተንጠለጠለበት፣ ዓይኑ የተንከራተተበት ቦታ ይጻፍና ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይታረም። የሽቦው ንድፍም ታትሞ መደርደሪያው ውስጥ ይቀመጥ፣ ኬብሉ ሁሉ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጠፍበት።