ፕሮክሲሚቲ ሊሚት ስዊች ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ለራሱ የሚገጣጥም ሰው ስለ ሞተርና ስለ ስፒንድል (መቁረጫውን ስለሚያሽከረክረው ክፍል) አብዝቶ ይጨነቃል። ሊሚት ስዊቹን ግን ያገኘውን አንስቶ ይገጥማል። ማሽኑ ጫፍ አልፎ ከፍሬሙ ጋር እንዳይላተም የሚጠብቀው ይሄው ትንሽ ሴንሰር ስለሆነ (ፕሮክሲሚቲ የሚባለው ሳይነካ ከቅርብ የሚያውቀው ነው)፣ በደንብ ቢታሰብበት ይሻላል።

«ሴንሰሩ 4 ሚሊሜትር ከተባለ ማንኛውንም ብረታ ብረት ከ4 ሚሊሜትር ላይ ያያል።»
አያይም። ቁጥሩ የሚሰጠው ለስቲል ነው። ኢንዳክቲቭ ሴንሰር (ብረታ ብረትን ብቻ የሚያየው ዓይነት) አሉሚኒየም ፊት ሲቀርብ ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የብዙ ራውተር ፍሬም ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ የስቲል ብሎን ወይም ቁራጭ ላሜራ ኢላማ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ክፍተቱንም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር አድርጉት። ኢላማው በሴንሰሩ ፊት በጎን ይለፍ እንጂ ቀጥታ አይምጣበት። ቀጥታ ከመጣና ማሽኑ ትንሽ ካለፈ ሴንሰሩን ይደቁሰዋል።

«ኖርማሊ ኦፕን ሆነ ኖርማሊ ክሎዝድ፣ ያው ነው።»
ኢላማ ሳይኖር ኖርማሊ ኦፕን ሰርኪዩቱ ክፍት ነው፣ ኖርማሊ ክሎዝድ ደግሞ ዝግ። ልዩነቱ ገመድ ሲበጠስ ይታያል። በኖርማሊ ኦፕን ማሽኑ ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥላል። በኖርማሊ ክሎዝድ ግን ሊሚት እንደተነካ ቆጥሮ ይቆማል። እኔ ሁሌም ኖርማሊ ክሎዝድ ነው የምለው። በግርብል (ኮንትሮለሩ ላይ በሚጫነው ሶፍትዌር) የሊሚት ሲግናሉን መገልበጥ የአንድ ሴቲንግ ጉዳይ ነው።

«ከኮንትሮለሩ 5 ቮልት ላይ ይሰካል፣ አለቀ።»
በብዛት የሚሸጡት ከ6 እስከ 36 ቮልት የሚፈልጉ ናቸው። በ5 ቮልት አንዳንዴ ይሠራሉ፤ አደጋውም ይሄ ነው፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይከዳል። 12 ወይም 24 ቮልት ስጡት፦ ቡናማው ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ሲግናል። ጥቁሩን ወደ ቦርዱ ከማስገባታችሁ በፊት ግን በእሱና በሰማያዊው መካከል በመልቲሜትር ለኩ፤ ኢላማው ሲኖርም ሳይኖርም። ኤንፒኤን (ሲግናሉን ከኔጋቲቩ ጋር የሚያገናኘው ዓይነት) ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቁሩን ከፖዘቲቩ ጋር የሚያገናኝ ሬዚስተር አላቸው፤ 24 ቮልቱ በዚያ በኩል ቦርዱ ጋ ይደርሳል። ፒኤንፒ (ሲግናሉን ከፖዘቲቩ ጋር የሚያገናኘው) ከሆነማ ቮልቴጁን በቀጥታ ነው የሚልከው። መሃል ላይ ኦፕቶካፕለር (ሲግናሉን በብርሃን አሳልፎ ሁለቱን ሰርኪዩቶች የሚለያይ ዕቃ) ይግባ።

«ብናኝ አይነካውም።»
የእንጨት ብናኝ ኢንዳክቲቩን አይነካውም። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ግን ፊቱ ላይ ከተከመረ ያለቦታው ያስቆማል። ካፓሲቲቭ የሚባለው እንጨቱንም ስለሚያይ ለራውተር አይሆንም።

«ለሦስት አክሲስ የግድ 6 ሴንሰር።»
ለሆሚንግ (ማሽኑ ሲነሳ መነሻ ቦታውን ለመፈለግ) በአንድ አክሲስ፣ ማለትም በአንድ የእንቅስቃሴ አቅጣጫ፣ አንድ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሶፍት ሊሚት (በሶፍትዌር የሚሰጥ ወሰን) ሌላውን ጫፍ ይጠብቃል። ሁለት ሞተር ያለው አክሲስ ጋንትሪውን (ስፒንድሉን የተሸከመውን ተንቀሳቃሽ ድልድይ) እንዲያቃና ከፈለጋችሁ ብቻ ለየሞተሩ አንድ አንድ ይሁን።