«ብረት ከነካው ይበተናል» እና ሌሎች ከሆስፒታል የሚያስቀሩን ወሬዎች

አክስቴ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ሰባት ወር ደብቃው ኖራለች። የምትኖረው መንዝ ነው፤ ከጣርማበር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል በሚያልፈው መንገድ። ደብረ ብርሃን ለሠርግ መጥታ ልብስ ስትቀይር ድንገት አየሁባት። «ተይኝ ልጄ፣ አያመኝም እኮ» አለችኝ። ዛሬ ቀዶ ሕክምናዋን ጨርሳ፣ ኪኒኗን እየዋጠች ቤቷ ናት። እስከዚያ ድረስ ግን ጆሯችን የገባው ወሬ ለጉድ ነበር። አንዳንዱን እኔም አምኜው ነበር። ሐኪሞችን እየጠየቅኩ፣ አብረዋት ከተኙት ሴቶች እየሰማሁ ያጣራሁትን ልንገራችሁ።

«ካላመመ ካንሰር አይደለም»

ይሄ ወሬ ነው አክስቴን ሰባት ወር ያስቀመጣት። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት ብዙ የማይንቀሳቀስ ፍሬ ሊሆን ይችላል። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሊገባ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሊወጣ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሊሻክር፣ ብብት ሥር እብጠት ሊወጣ ይችላል። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። የሚለየው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር እንጂ በመዳሰስ ወይም በመጠበቅ አይደለም። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ነው። ወንዶችንም አልፎ አልፎ ይይዛል፤ ስለዚህ አባቶችና ወንድሞችም ይስሙ።

«ብረት ከነካው ይበተናል»

ገና ሪፈር ሲጻፍላት ጀምሮ የሰማነው ይሄንን ነው። ዘመድ በስልክ፣ ጎረቤት በቡና ላይ። «ባትነካኪው ይሻልሻል። እከሊትን አየሻት አይደል? ተቀደደች፣ ወር ሳይሞላት ሞተች።»

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳስበው ሰው አይፈረድበትም። እኛ ጋ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ቢቀደዱም ባይቀደዱም ሕመሙ ይበረታል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነገር፣ ቢላዋውን ነው። በሽታውን የበተነው ግን ከዚያ በፊት የባከነው ጊዜ ነው። ጡት ውስጥ ያለ ካንሰር ቢነኩትም ባይነኩትም በራሱ ጊዜ በደምና በብብት ዕጢዎች በኩል ይጓዛል። ቀዶ ሕክምና የሚደረገውም ይህን ጉዞ ለመቅደም ነው። ሐኪሙ እብጠቱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ያወጣዋል፤ ብብት ሥር ካሉት ዕጢዎችም አውጥቶ ያስመረምራል።

ናሙና የሚወሰድበትን መርፌም ብዙዎች እንደዚሁ ይፈሩታል። ያለዚያ መርፌ ሐኪሙ የትኛውን ሕክምና እንደሚያስቀድም ማወቅ አይችልም።

እኔን በጣም ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ብረት ፈርተው ቅጠልና ሥር ጡታቸው ላይ የሚያስሩ፣ ከዚያም ቆዳው ተቃጥሎ፣ ቁስሉ ተከፍቶ የሚመጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ከአክስቴ አልጋ ቀጥሎ ተኝታ ነበር። ገና የአርባ ዓመት ሴት ናት። ሽታው እንዳይሸተን ጋቢዋን እስከ አንገቷ ስባ ነበር የምታወራን።

«ጠበል የጀመረ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም»

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆኖ ስለ ሕመም እያወሩ ሸንኮራ ዮሐንስን ወይም ጻድቃኔ ማርያምን አለማንሳት አይቻልም። አክስቴም ጻድቃኔ ሄዳለች። የሄደችበትን ቀን እኔም አልቃወምም፤ ተረጋግታ ነው የተመለሰችው። ችግሩ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው ሲመጣ ነው። የንስሐ አባቷ «ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ቀጠሮሽን አትለፊ» ብለው ላኳት። እውነት ለመናገር ከእኔ ልመና ሁሉ የሠራው የእሳቸው አንድ ቃል ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለች ታማሚ ካለች መጀመሪያ የምታከብረውን ሰው አነጋግሩ።

ጾምን በተመለከተም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሰውነት ለቁስል መዳን እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ባቄላና ምስር ይፈልጋል። ኦርቶዶክሶች የንስሐ አባትን ማማከር ነው። በእስልምናም በረመዳን የታመመ ሰው ሌላ ጊዜ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

«ኦፕራሲዮን ከተባለ ጡቱ መቆረጡ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ከሆነ እሱንና ዙሪያውን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ ይቻላል። በጣልያንና በአሜሪካ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተሉ ሁለት ጥናቶች በ2002 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ጡታቸው በሙሉ በወጣላቸውና እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር በወሰዱት መካከል በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልተገኘም።

ግን «ጨረር» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ጡት የሚተርፈው ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምና ካለ ነው። ያ ደግሞ ለረጅም ዓመታት በሀገራችን ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጥቂት ሆስፒታሎች ቢጨመሩም ወረፋውና መንገዱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ጡቱ በሙሉ እንዲወጣ ይመከራሉ። ሐኪሙን «ለእኔ የትኛው ይሻላል? ለምን? ጨረር ቢያስፈልገኝ መቼ አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። አክስቴ ሐኪም ፊት ቀና ብላ አታወራም፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፈን ይዘን ገባን።

ኬሞ (ካንሰሩን የሚያጠቃ መድኃኒት) ከኦፕራሲዮን በፊት ከታዘዘም «ተስፋ ቆርጠውባት ነው» አይባልም። እብጠቱን ለማሳነስ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው።

«በሶ ብጥብጥ ውሃ ነው»

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ «ምግብ እንዳትበላ» ተባለ። እሺ አልን። ማታ ግን አንዲት ዘመዳችን በፔርሙዝ በሶ በጥብጣ መጣች። «ምግብ እኮ አይደለም፣ ይጠጣል» አለች። የገብስ ሀገር ሰዎች ነን፤ በሶ ለእኛ እንደ ውሃ ነው። ለማደንዘዣ ሐኪሙ ግን በሶም፣ አጥሚትም፣ ወተትም፣ ወተት ያለበት ሻይም ምግብ ነው። ሰው በሰመመን ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ወጥቶ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል። በጥቅሉ ከምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹህ ውሃ 2 ሰዓት መታገስ ያስፈልጋል። ቅባት የበዛበት ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። የመጨረሻው ቃል ግን የእናንተ ሐኪም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ከ6 ሰዓት ጀምሮ» ከተባላችሁ የቀን ነው የሌሊት ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ጾማ የዋለች እናት አይቻለሁ።

አረቄም ጠላም ከቀኑ ብዙ ቀደም ብሎ ይቁም። የሚያጨስም ያቁም።

«የባህል መድኃኒት መውሰዴን ለሐኪም አልናገርም፣ ይቆጡኛል»

ይናገሩ። ሥር፣ ቅጠል፣ በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርት፣ አስፕሪን፣ የስኳርና የደም ግፊት ኪኒን፣ ሁሉንም። አንዳንዱ ደም ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ከማደንዘዣው ጋር ይጋጫል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይገባም፤ የግፊት ኪኒን ለምሳሌ ብዙ ጊዜ በዚያው ጠዋት በጉንጭ ውሃ ይዋጣል። ሐኪሙ ይወስናል።

«ብርና ብርድ ልብስ ካለ ይበቃል»

ብርድ ልብሱስ እውነት ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው አልነግርም። ግን እኛን ያንገላታን ወረቀት ነው። የጤና መድን ያላችሁ መዋጮው የታደሰ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሪፈሩንም ከጤና ጣቢያው ጀምራችሁ በየደረጃው ያዙ። ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍን ይችላል። የናሙናውን ውጤት፣ ራጅና አልትራሳውንዱን በአንድ ፌስታል አድርጉ። እኛ አንድ ወረቀት ጎድሎን ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተመልሰናል።

ልብስ ከፊት የሚቆለፍ ይሁን። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጅ ሽቅብ አይሄድም፤ በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ሥቃይ ነው። አክስቴ የባሏን ሸሚዝ ለብሳ ነው የሰነበተችው። አስታማሚውም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ቢቻል ሁለት ሰው ይሁን፣ እንዲቀያየሩ። ከገጠር ለሚመጣ ማደሪያም ትልቅ ጭንቀት ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ቀድማችሁ ጠይቁ።

«ቱቦ ተተክሎባት ከወጣች አልተሳካም ማለት ነው»

ድሬን ይባላል። ቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ያወጣል። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ እያደር ወደ ቢጫ ይሄዳል። በየቀኑ ምን ያህል እንደወጣ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ይነቀላል። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ትኩሳት፣ መግል፣ በድንገት የሚያብጥ ቁስል ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ክንድን አስሮ ማስቀመጥም ስህተት ነው። ትከሻው ይደርቃል። ሐኪም እንዳዘዘው ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ነው፤ ጣቶችን ግድግዳ ላይ ሽቅብ ማስኬድ አንዱ ነው። በሌላ በኩል ጀሪካን መሸከም፣ ልጅ ማዘል፣ እንጨት መፍለጥ ለሳምንታት የለም። እንጀራ የሚጋግር ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይፈለግ። አክስቴ በአሥረኛው ቀን ምጣድ ልታሰማ ስትነሳ ነው የያዝኳት።

«ለሰው መናገር ወሬ መጥራት ነው»

አክስቴን ከሕመሙ በላይ ያደከማት ይሄ ነው። ስሙን እንኳ አንጠራውም፤ «ያ ክፉ በሽታ» እንላለን። ቤተሰቡም ሐኪሙን «ለእሷ እንዳይነግሯት» ብሎ ለመነ። እኔም ለምኛለሁ። አሁን እቆጫለሁ። ሳትነገራት ምን እንደምትፈርም፣ ለምን ኬሞ እንደምትወስድ እንዴት ልታውቅ ነው? ደግሞ አውቃው ነበር። ከእኛ ፊት ላይ አንብባው፣ እኛ እንዳንደነግጥ ብላ ዝም ብላለች።

የተለወጠችው በአንድ ከሰዓት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተቀደደች የሸዋ ሮቢት ሴት ለክትትል መጥታ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠች። ስሟን፣ የልጆቿን ቁጥር ጠየቀቻት። ከዚያ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየቻት። «ይኸው። እጄም ይሠራል» ብላ ክንዷን ሽቅብ አነሳች። አክስቴ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ በሕክምናው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች። «ሲድን ያሳክካል?» ሐኪሙ ያልመለሰላትን፣ ያልጠየቀችውንም ሁሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። በጥጥ የተሞላ ጨርቅ ጡት መያዣ ውስጥ እንዴት እንደሚደረግ፣ ቀበቶ ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ፣ ባል ጋ መጀመሪያ እንዴት እንደሚታይ። «ጡት የሌላት ሴት ሴት አይደለችም» የሚለውን ወሬ ያን ቀን ሁለቱም ተዉት።

እንዲህ ያለች ሴት ራሷ አትመጣም፤ የክፍሉን ነርስ «ቀድማ የታከመች፣ የምታነጋግረን ሰው አለች?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጎረቤትም ስትናገሩ «ታምሜያለሁ» ብላችሁ አታቁሙ፤ የሚሠራ ነገር ስጧቸው። የአክስቴ ጎረቤቶች ባቄላዋን በደቦ አጨዱላት። የማኅበሯ ሴቶች በተራ እንጀራ ጋገሩ። ሰው ሊረዳ ፈልጎ ምን ላድርግ ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

ጠያቂዎች ሆይ፣ «እንትናም በዚሁ ሄደች» አትበሉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

«ከተቀደደች ጨረሰች»

የወጣው ሥጋ ምርመራ ውጤት መወሰድ አለበት፤ ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በእሱ ነው። የአክስቴ ካንሰር ለሆርሞን ምላሽ የሚሰጥ ዓይነት ስለሆነ ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን ቢያንስ 5 ዓመት በየቀኑ ትወስዳለች። ደህና ነኝ ብሎ ማቋረጥ የለም። ሌላኛው ጡትም ይታያል።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ታኅሣሥ ላይ ነው። ብቻዋን አትመጣም። አንዲት የመንደሯ ሴት ብብቷ ሥር ፍሬ አግኝታ መጀመሪያ ያሳየችው ለአክስቴ ነው። ሁለት ወንበር እንዲያዝላቸው ደውላልኛለች።