«ቪዲዮው ይቆራረጣል» እና ሌሎች ኤዲትን በላይቭ ስለማሳየት ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሥራውን በላይቭ የሚያሳይ ኤዲተር ሁሉ ይህቺን ነገር ሰምቷታል፦ «ወንድሜ፣ ቪዲዮው ይቆራረጣል፤ አስተካክለውና መልሰህ አሳየን።» ኧረ ቪዲዮው አልተቆራረጠም! የሚቆራረጠው ዙሙ ነው።

«በዙም ያየሁት ያው የተሠራው ነው»

አይደለም። ስክሪን ሼር የታሰበው ለስብሰባ ነው። ጽሑፍና ሰንጠረዥ ጥርት ብሎ እንዲታይ ሲል የፍሬሙን፣ ማለትም ቪዲዮው የሚሠራባቸውን ተከታታይ ምስሎች፣ ብዛት ይቀንሳል። እኔ በሰከንድ 25 ፍሬም የሠራሁት ማዶ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ብዙም አይታወቅም። እስክስታ ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ሜሪላንድ ላሉ ቤተሰብ የሠርግ ቪዲዮ ሳሳይ የሙሽራዋ አክስት፣ «ልጄ፣ ትከሻዋን ምን አድርገህብን ነው? ስትመታ አይታይም እኮ!» አሉኝ። የጠፉት ፍሬሞች ትከሻው ከፍና ዝቅ ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ልጅቷ ደርቃ የቆመች ትመስላለች። ብነግራቸው አልሰሙኝም። ያንኑ ክፍል በፋይል ላክሁላቸው። «አየህ፣ አሁን አስተካከልከው!» አሉ። አንዲት ፍሬም አልነካሁም።

ድምፁም እንደዚሁ ነው። ከስፒከር የወጣውን ሙዚቃ በማይክ የሚልክ ኤዲተር አሁንም አለ። ዙም ጫጫታ የመሰለውን ሁሉ ስለሚያፍን ማሲንቆው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ከዚያ «ድምፁ ተበላሽቷል» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ስክሪን ስታጋራ «ሼር ሳውንድ» እና «ኦፕቲማይዝ ፎር ቪዲዮ ክሊፕ» የሚሉትን ሁለቱንም ምረጥ። ሁለት ክሊክ ነው፤ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም። አቅሙ ካለህ ደግሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሪሞት ሞኒተሪንግ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚልከው ሙሉ ዴስክቶፕህን ሳይሆን ምስሉን ብቻ ነው።

«ኔቴ ፈጣን ነው»

ዳውንሎዱን ነው የምትነግረኝ። አንተ ላኪ ነህ፣ የሚያስፈልግህ አፕሎድ ነው። ለ1080 ጥራት በሰከንድ ከ5 እስከ 8 ሜጋቢት የማይዋዥቅ አፕሎድ ይኑርህ፤ ዋይፋዩን ትተህ ኬብል ሰካ።

«በዩቲዩብ ላይቭ ብናሳየውስ?»

ለማየት ይሆናል፣ ለአስተያየት አይሆንም። ምስሉ ብዙ ሰከንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ደንበኛው «እዚህ ጋ አቁም!» ሲል አንተ ሌላ ትዕይንት ላይ ነህ።

«ቴሌግራም ጥራቱን ይገድላል»

እንደ ቪዲዮ ስትልከው ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላከው።

«ቀለሙንም በላይቭ እንጨርሰው»

ደንበኛው ማታ አልጋ ላይ ሆኖ ናይት ሺፍት (ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያደርገው) በበራበት ስልክ እያየ «ቬሎው ቢጫ ሆኗል» ይልሃል። መጀመሪያ እሱን ያጥፋ፣ ብርሃኑንም ይጨምር። እንዲያም ሆኖ በላይቭ ስለ ቅደም ተከተልና ስለ ርዝመት ተነጋገሩ እንጂ ቀለም በተላከ ፋይል ነው የሚታየው።

«ላይቭ ላይ ‹አሪፍ ነው› ካለ ጸድቋል»

ስንት ሰው በዚህ ከስሯል! መጀመሪያ ነገር፣ ማን ነው ያለው? ሳሎን ውስጥ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ያያል፣ ሁሉም ያሞግሳል፤ የሚከፍለው የሙሽራዋ ወንድም ግን ሥራ ላይ ስለሆነ አልነበረም። በነጋታው እሱ አዲስ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ቀጠሮ ስትይዝ እሱ መኖሩን አረጋግጥ፤ «ነገ 3 ሰዓት» ስትባባሉም የማን 3 ሰዓት እንደሆነ ተጠያየቁ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ የእኛ አቆጣጠር ሲጨመርበትማ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ተኝቷል።

ከላይቩ በኋላ የተባለውን ሁሉ በደቂቃና በሰከንድ ጽፌ ከነቨርዥን ቁጥሩ እልካለሁ። አስተያየቱ ከበዛ ፍሬም አይኦን የመሰለ፣ እያንዳንዱ አስተያየት ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍበት ቦታ ይሻላል። ከፋዩ «ቨርዥን 3፣ 12:40 ላይ ያለው ይውጣ፣ ሌላው ይለፍ» ብሎ በጽሑፍ እስኪመልስልኝ ድረስ የመጨረሻውን ኤክስፖርት አልጫንም። አክስትየው በየቀኑ ቢደውሉም አልጫንም።