ክፍያ የለም፣ ስንቅ ግን አለ፦ ትምህርት በጎንደር

ጎንደርና ትምህርት ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲውን ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ግን ከእሱ በብዙ ይቀድማሉ። አቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ) የተማረ ሰው ዛሬም ለማስመስከር ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። የቆሎ ተማሪ ደግሞ ክፍያ የሚባል ነገር አያውቅም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፣ ከሰፈር ውሻ ጋር ይታገላል፣ ማታ ጎጆው ገብቶ ቀለሙን ይቀጽላል። የድሃ ልጅ የሚገባበት ቤት ነው፤ ሴት ልጅ ግን ከቁጥር አልገባችም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሴት ሆነው ቅኔ ማስተማራቸው እስከዛሬ እንደ ተአምር የሚወራውም ለዚህ ነው (እሳቸውም ቢሆኑ የጎጃም ናቸው)።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ነው። የደምቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ገጠር ወርዶ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ለማፍራት ኮሌጅ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል ለእኔ ከሕንፃዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ዩኒቨርሲቲ ደጅ መድረሱ ነው ጭንቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው ይባላል። ከደምቢያ ወይም ከላይ አርማጭሆ ገጠር የመጣ ልጅ ግን ከተማ ላይ ቤት ይከራያል፣ ለብቻው ስለማይችል ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ፣ ቅዳሜ በእግሩ አገሩ ወርዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ድርቆሽ ነው፣ በርበሬ ነው፣ ሽሮ ነው። ሐሙስ ላይ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። እሱ ልጅ አስጠኚ ከተቀጠረለት የከተማ ልጅ ጋር አንድ ፈተና ይቀመጣል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ፈተናው ወደ ኦንላይን እየሄደ ነው። ዓለም በስልክ ይማራል፤ እዚህ ግን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥትና በፋኖ ጦርነት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የቤት ኪራይ ሲወደድና መንገዱ ሲያስፈራ ወንድምየው እንደምንም ይላካል። እህትየዋ ቤት ትቀራለች፣ የእሱን ድርቆሽ የምታደርቀውም እሷ ናት።