ዳንኤል ለምን ብልጣሶር ተባለ?

ትንቢተ ዳንኤልን ስታነቡ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ምዕራፍ 1 ላይ የጃንደረቦቹ አለቃ ዳንኤልን ብልጣሶር ይለዋል። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ግብዣ የሚደግሰው ንጉሥ ብልጣሶር ነው። ሁለቱ ሰዎች የተለያዩ ናቸው። በባቢሎን ቋንቋ ስማቸውም ይለያያል፤ የዳንኤሉ «ሕይወቱን ጠብቅ»፣ የንጉሡ «ቤል ሆይ፣ ንጉሡን ጠብቅ» ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን አንድ ዓይነት ሆነው ተጽፈዋል።

ስሙ ለምን ተቀየረ? ዳንኤልና ሦስት ጓደኞቹ፣ አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ፣ ወደ ባቢሎን የተማረኩ ወጣቶች ነበሩ፤ ሦስት ዓመት የከለዳውያንን (የባቢሎናውያንን) ትምህርትና ቋንቋ ተምረው ንጉሡን እንዲያገለግሉ ነበር የተመረጡት። አዲሱ ስም አሁን የማን እንደሆኑ ይናገራል። የድሮ ስሞቻቸው ሁሉ አምላካቸውን ይጠራሉ፦ ዳንኤል «እግዚአብሔር ፈራጄ ነው»፣ አዛርያ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። አዛርያ ግን አብደናጎ ተባለ፤ ናቡ የተባለው የባቢሎን ጣዖት አገልጋይ ማለት ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆርም ምዕራፍ 4 ላይ ብልጣሶር የሚለው ስም እንደ አምላኩ ስም መሆኑን ራሱ ይናገራል።

እኔን የሚገርመኝ ወጣቶቹ ስሙን አለመቃወማቸው ነው። እምቢ ያሉት የንጉሡን ምግብና ወይን ነው፤ በኋላም ሦስቱ ጓደኞቹ ንጉሡ ላቆመው የወርቅ ምስል መስገድን። ሰው የሚጠራቸውን ስም መቀየር አይችሉም ነበር፤ ማንን እንደሚያመልኩ ግን በእጃቸው ነበር።

ሦስቱ ለምስሉ ባለመስገዳቸው እሳት ውስጥ የተጣሉበት ታሪክ በአብዛኛው በባቢሎን ስማቸው ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ እያለ ይተርካል። በቤተ ክርስቲያናችን ግን ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅ (ሦስቱ ልጆች) ሲታሰቡ የሚጠሩት አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ተብለው ነው።